የገንዘብ ያዧ ተራ

ይድረስ ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፤ አንቺስ፣ ባልሽስ፣ ልጆቹስ እንደምን ከርማችኋል? እኛ አለን፤ የበረታብን ናፍቆትሽ ነው።

የገጠር ሴቶች ጤና ማኅበራችን አልፈረሰም፤ እኔም ያለ ደመወዝ ገንዘብ ያዥ ሆኜ ከሁሉም እንደተጣላሁ ነው። ሊቀመንበሯ የመድኃኒቱን በጀት ለቲሸርት ካልፈረምሽ ብላ ሙጭጭ አለችብኝ። "በቲሸርት ማሕፀን ይመረመራል እንዴ?" ብላት አኮረፈችኝ።

ባለፈው ወር ከነርሷ ጋር ለምርመራ ገጠር ወረድን። ሴቶቹ አፍረው አንገባም አሉ። "ምን ያስፈራል? እኔ ልጀምርላችሁ" ብዬ አልጋው ላይ ወጣሁ። ሳቁና ተሰለፉ። ነርሷን ታውቂያታለሽ፤ አፏ አያርፍም። እኔን ስትመረምር ግን ድንገት ዝም አለች። ስንመለስም ለትልቁ ሆስፒታል ወረቀት ጻፈችልኝ።

አሁን ትልቁ ሆስፒታል እመላለሳለሁ፤ ወረፋው አይጣል ነው። ለእማዬ ስትደውዪ ይህን አታንሺባት፤ ወረፋ ትጠላለች። ሊቀመንበሯ ሰምታ ኩርፊያዋን ረሳችና "ከማኅበሩ ካዝና እንርዳሽ" አለችኝ። እንዴት ተደርጎ! "ገንዘቡ ለገጠር ሴቶች ብቻ ነው፤ ለኮሚቴ አባል አምስት ሳንቲም አይወጣም" የሚለውን ደንብ ጠረጴዛ እየደበደብኩ ያስጸደቅኩት እኔው ነኝ። ማኅተሙንና ቁልፉን አስረክቤያታለሁ፤ እንግዲህ ቲሸርቷን እንደልቧ ታሳትም።

"ለከርሞ እመጣለሁ" ባልሽ ቁጥር "ለትኬት ገንዘብ አታባክኚ" የምልሽ እኔ ነበርኩ። ዘንድሮ አባክኚው።

ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ።

ቆንቋናዋ እህትሽ