ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ የሞቱት አክስትህ

ለደራሲው ዓባይነህ፣

አራት ትውልድ በድርቅ የፈጀህበትን ልብ ወለድህን ይዤ አዲስ ቅዳም ከገባሁ ሦስት ቀኔ። አንተ ባሕር ዳር ካፌ ተቀምጠህ ባደረቅኸው አገር ዝናቡ አላባራ ብሏል፤ መጽሐፍህ ራሱ በስብሷል።

ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ በረሃብ የገደልሃቸው አክስትህ እትየ ደጊቱ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጠው የከሰል ጆንያ ይሰፋሉ። ስማቸውን እንኳ አልቀየርህም! ሞታቸውን አነበብሁላቸው። መርፌያቸውን አስቀምጠው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

የምጽፍበት ፖስት ካርድ እየሞላብኝ ነው፤ ምሕረትንና ልጆችህን ሳምልኝ። የእትየ መልእክት ይህች ናት፦ «አሟሟቴንስ አሳምሮታል። አሥር ዓመት ሙሉ ግን ደጄን አልረገጠም። ከገደለኝ አይቀር መጥቶ ተዝካሬን ያውጣ፤ ጠላውን እኔው እጠነስስለታለሁ።»

አምሳለ