የእማዬ እጅና የጅቡቲው ኪኒን

ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድሜ ማቲዎስ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? የጅቡቲ ሙቀት ትንሽ በረድ አለልህ ወይ? ወደቡ ላይ ሸክም አብዝተው ወገብህን አሳምመውህ እንደነበር ሰምቼ ሐሳብ ገብቶኝ ነበር፤ አሁንስ ተሻለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ብርዱ ብቻ ከእንጦጦ እየወረደ ልክ እያስገባን ነው።

ወግ ሳላበዛ ወደ ጉዳዬ ልግባ። በስልክ ያልነገርኩህ እማዬ አንተ ስትደውል ከጎኔ ስለማትነሳ ነው። ይህን ደብዳቤ ሾፌሩ ዱሬሳ ነገ ወደ እናንተ ሲወርድ ያደርስልሃል። አንብበህ እንዳትደነግጥ እልህ ነበር፤ እኔ ራሴ ግን ደንግጫለሁ።

የእማዬ ሐኪም ዶክተር ዶርቃ ቁርጥማቱ የእጇን አጥንት ምን ያህል እንደጎዳው በየዓመቱ እንደሚለኩ ታውቃለህ። ሁለቱን እጆቿን ራጅ ያነሷትና በመዳፏ ውስጥ ያሉትን አጥንቶች ውፍረት በኮምፒዩተር ይለካሉ። አጥንት መሐሉ ክፍት፣ ዙሪያው ጠንካራ ነው፤ በሽታው ያንን ዙሪያውን ነው እየፋቀ የሚያሳሳው።

ዘንድሮ እማዬ ሠርግ እንደተጠራ ሰው አጊጣ ነው የሄደችው። የጣቶቿ እብጠት ጎድሏል። እንዝርት መያዝ ትታ የነበረችው ሴትዮ ለሠርግህ ጋቢ የሚሆን ፈትል ጀምራለች። የእንጦጦ ጠበል ሠራልኝ እያለች ለሰፈሩ ሁሉ ታወራለች፤ እኔም አብሬያት ፈንድቄ ነበር። ዶክተር ዶርቃ ግን የአምናውንና የዘንድሮውን ፎቶ ጎን ለጎን አድርገው ደጋግመው አመሳከሩ። እብጠቱ ጠፍቷል፣ አጥንቱ ግን እሳቸው ከፈሩት በላይ ሳስቷል። እኔ ካዘዝኩልዎ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ ብለው ጠየቋት። ከጠበል በቀር ምንም አልቀመስኩም ብላ በማርያም ስም ማለች። እኔም አመንኳት።

በማግስቱ ጎረቤታችን እትዬ ታደለች ጉልበታቸውን እያሹ መጡና፣ ያቺን ማቲዎስ የላካትን ነጭ ኪኒን አንዲት ብቻ ስጪኝ አሉኝ። እማዬን ሳፋጥጣት የጠበሉ ጀሪካን ካለበት ቅርጫት ውስጥ መዥረጥ አድርጋ አወጣችው። አንተ በዱሬሳ እጅ የላክህላት ነው። ወራት ሙሉ ስትውጠው፣ ለጎረቤትም እንደ ዳቦ ስትቆርስ ኖራለች። ጠበሉን የምትጠጣው ኪኒኑን ለማወራረድ ነበር ለካ!

ኪኒኑን ይዤ ብቻዬን ወደ ዶክተር ዶርቃ ሮጥኩ። እብጠትና ሕመም ቶሎ ያበርዳል፤ ያለ ሐኪም ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግን ራሱ አጥንት ይበላል አሉኝ። የባሰው ደግሞ በአንድ ጊዜ አይቆምም። ሰውነቷ ስለለመደው ድንገት ከቀረባት ለሕይወቷም ያሰጋል። እሳቸው እያዩ ቀስ በቀስ ሊቀንሱላት ይገባል፤ ለዚህም እማዬ ቀርባ በቀን ስንት እንደምትውጥ እውነቱን መናገር አለባት።

እሷ ግን አንገቴን ለካራ ብላለች። ልጄ ከላቡ ቆርሶ የላከልኝን ሐኪም ፊት አውጥቼ አላሳጣውም፣ ልጇ መረዛት እንዲሉኝ ነው ወይ የምትፈልጊው እያለች ታለቅሳለች። ማቲዬ፣ በማርያም ስም የማለችው ላንተ ብላ ነው። አንጀቴን በላችው። ቢሆንም ተናድጃለሁ፤ በእሷም፣ ሳትጠይቀኝ በላክኸው በአንተም። በፍቅር እንደላክኸው ስለማውቅ ደግሞ መቆጣቱም አቃተኝ።

ቅርጫቱ ውስጥ የቀረው ለጥቂት ቀን ቢበቃ ነው። እኔ ብለምናት አልሰማችኝም። ስለዚህ ይህ ወረቀት በደረሰህ ሰዓት ደውልላት። ለሐኪሟ ብትነግር እንደማታፍርባት፣ እንደማትቀየማትም ከአንደበትህ ትስማ። ዶክተር ዶርቃ ማንንም አልወቀሱም፤ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ብቻ ትምጣልኝ ነው ያሉት።

እትዬ ታደለች ሰላም ብለውሃል፤ ኪኒኑን ስለከለከልኳቸው እኔን አኩርፈውኛል። አጎታችን ዓምደ ሚካኤል ከእንጦጦ ወርደው ስለ ሠርጉ ቀን ጠይቀዋል። ለእጮኛህ ለጊፍቲ የእህትነት ሰላምታዬን አድርስልኝ።

እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ እየፈተለች ነው። ፊደል ስለማትለይ እንዲህ በይልኝ እያለች ታስጽፈኛለች። ግንባሩን ሳሚልኝ፣ ጋቢውን ሳልጨርስ መድኃኒቱ እንዳያልቅብኝ ቶሎ ላክልኝ በይው ብላለች። እንዳለችው ጻፍኩልህ፤ አንተ ግን አትላክ። አሁን ደግሞ የጻፍሽውን አንብቢልኝ ትለኛለች። ግንባርህን መሳሟን ብቻ አነብላታለሁ። የቀረውን አንተ ንገራት።

እህትህ ሰላማዊት
ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ አዲስ አበባ
ኅዳር ፲፬ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.