የተሰረዙት አሥራ ሁለት ጥያቄዎች

ሰኞ፣ መጋቢት 3
ሦስት ክፍል አስተማርኩ። ጉሮሮዬ ደረቀ። ከሰዓት የክርክር ክበቡ ተማሪዎች መጡ። “አገራዊ ምርጫው ይራዘም ወይስ አይራዘም?” በሚል ሊከራከሩ ነው። አማካሪያቸው እኔ... ምን አባቴ ልሁን ብዬ ገባሁበት? የሥራ ውሌ በወሩ መጨረሻ ያልቃል። የሚፈርመው ደግሞ ዲኑ። በደንቡ መሠረት የክርክሩን ጥያቄዎች ቀድሞ ማየት ያለበትም እሱ ነው። አሥራ ሁለቱንም ወሰድኩለት።

ረቡዕ፣ መጋቢት 5
ጥያቄዎቹ ተመለሱ። ሁሉም በቀይ ተሰርዘዋል። ክርክሩ ቀረ ማለት ነው። እፎይ!
ግን ይሄ ሰውዬ ምን ነካው? ሰርዞ አላበቃም፤ ከእያንዳንዱ ጎን መልሱን ጽፏል። ለአራተኛውማ የወረቀቱን ጀርባ ሁሉ ሞልቶታል፤ ምርጫው የሚራዘምበትን ምክንያት ሲደረድር። የክበቡ ሊቀመንበር፣ ያቺ ምላሷ የማያርፍ ልጅ፣ አንብባ ሳቀች። ከሥሩ መልስ ጽፋ “ያድርሱልኝ” አለችኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

አርብ፣ መጋቢት 7
ወረቀቱ አራቴ ተመላለሰ። ፖስተኛ ሆኜ አረፍኩት። የቢሮው ጸሐፊ እንደነገረችኝ፣ ዲኑ ስብሰባ ትቶ ሲጽፍ ነው የዋለው። ባለቤቴ ዝም ብለህ ውልህን አስፈርም ትለኛለች። ዝም በማለትስ እኔን የሚያህል የለም።

ሰኞ፣ መጋቢት 10
ዲኑ አስጠራኝ። አለቀልኝ ብዬ ገባሁ። ወረቀቱ ላይ መጻፊያ ቦታ ጠፍቷል።
“እንዲህ ብላኝማ አልተዋትም” አለ። “አዳራሹን አስከፍት።”
“ክርክሩ ተከልክሎ የለም እንዴ?”
“የምን ክርክር? መልስ ልሰጣት ነው።”

ሐሙስ፣ መጋቢት 13
መልሱ ሦስት ሰዓት ፈጀ። አዳራሹ ጢም ብሎ... እሷ አንድ ስትል እሱ ሁለት። ኮቱን ሁሉ አወለቀ። መሃል ላይ ዞር ብሎ “አንተስ ምን ትላለህ?” አይለኝም? እንደ ልማዴ “በአንድ በኩል ሲታይ...” ብዬ ጀመርኩ። ተማሪዎቹ ሳቁብኝ። አፈርኩ፣ ከልቤ አፈርኩ። ከዚያ “መራዘም የለበትም፤ ዲኑ ተሳስተዋል” አልኩ።
ባለቤቴ ስትሰማ ራሷን ያዘች።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 25
ውሌ ዲኑ ጠረጴዛ ላይ ነበር። አልተፈረመም። ስለ ምርጫው አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳኝ። ሲጨርስ “አሁንስ?” አለ። ልክ ነዎት ብል በቃ፣ ተገላገልኩ። አፌ ግን...
“አሁንም ተሳስተዋል” አልኩት።
እስክሪብቶውን አነሳ።
“ሳላሳምንህማ የትም አትሄድም” ብሎ ፈረመ።
የሁለት ዓመት ውል! ነገ በአራት ሰዓት ና ብሎኛል። ማስረጃዬን ይዤ ነው የምገባው።