የክራርህ ሳጥን ቁልፍ

ይድረስ ለልጄ ለሀብተሚካኤል፣

ከአቃቂ እስካለህበት ድረስ ሰላምታዬ ይድረስህ። እንደምን ሰነበትክ፣ የኔ ጌታ? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ፤ መድኃኔዓለም ይመስገን።

ወረዳው የአካባቢውን ታሪክና ባህል ለወጣቱ እናሳያለን ብሎ አሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ኤግዚቢሽን ከፍቷል። ጎረቤቱ ሁሉ ከቤቱ ዕቃ እያወጣ ሰጠ። እኔም የአባትህን የምድር ባቡር ኮፍያ ሰጠሁ። ከኪነት ቡድኑ ጋር የምትጫወትበትን ክራርህንም ለመኑኝ፤ እንቢ ማለት አቃተኝ።

የባህል ቢሮዋ እድላዊት፣ "እማማ፣ የልጅዎንም ፎቶ ይስጡንና እንስቀለው" አለችኝ። ግድግዳውን ቀና ብዬ ሳይ የተሰቀሉት ሁሉ ነፍስ ይማር የምንላቸው ናቸው። "ልጄ ፎቶ መነሳት አይወድም" ብዬ ዋሸኋት።

በሱዳን በኩል አብሮህ የወጣው የጓደኛህ የቢራ እናት ጠጄ ግን ሰጠች። በልጇ ለቅሶ ጊዜ ደረቷ ላይ ይዛው የነበረውን ፎቶ ነው የሰጠችው። ያን ሰሞን ድንኳኑ ውስጥ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ለቀስተኛው እሷን አቅፎ ሲጨርስ እኔንም ያቅፈኛል። ምን ነካው ይሄ ሰው?

ክራሩን መስታወት ሳጥን ውስጥ አድርገው ቆለፉበት። ባለቤቱ ሲመጣ እኔ ነኝ የምከፍትለት ብዬ ቁልፉን ተቀበልኳቸውና ማተቤ ላይ አሰርኩት። እድላዊት "ይመልሱልን እንጂ" ብላ ቤት ድረስ መጣች። "ማተብ አይበጠስም" ብዬ ሸኘኋት።

በል፣ እመብርሃን በሄድክበት ትከተልህ። ስትመጣ ማንንም አትጠይቅ፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው።

እናትህ ፈለቀች