በኮኪት የእጩዎች ግምትና የአባየ መሰወር

ለውድ እህቴ ለየዓለምወርቅ ገብረማርያም፦

እታለም፣ ይህን ደብዳቤ ቆመሽ አታንብቢው። የምትደገፊው ግድግዳ ፈልጊ፣ ልብሽንም አጽኚ። በቤታችን ላይ ከባድ ነገር ደርሷል። መርዶ አይደለም፤ የሞተም የታመመም የለም፤ ላሚቱም ደህና ናት። ግን አባየ ከቤት መሰወር ጀምረው ነበር።

ከዚያ በፊት ሰላምታዬ ይቅደም። እንዴት ነሽ? እንዴትስ ሰነበትሽ? ጤናሽ ደህና ነው ወይ? ያ በክረምቱ ሲጠዘጥዝሽ የነበረው ጥርስሽ ተነቀለ ወይስ አሁንም እየለመንሽው ነው? የአዲስ አበባው ብርድስ፣ የአከራይሽ ግልምጫስ እንዴት ይዞሻል? እኛ ከሙቀቱ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እኔም ስምንተኛ ክፍል ላይ የተውኩትን ትምህርት ሳልናፍቀው፣ እሱም እኔን ሳይናፍቀኝ በሰላም አለን። ኔትወርክ ከጠፋ ስለሰነበተ ይህንን በጭነት መኪና ሹፌሩ በሰፍዋን እጅ ልኬልሻለሁ። መንገድ ላይ ከፍቶ እንደሚያነበው ስለምጠረጥር፦ ሰፍዋን፣ አንብበህ ስትጨርስ መልሰህ በደንብ አሽገው።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ። ከመናኸሪያው ጀርባ ቪዲዮ ቤት ያለውን ደረበን አትረሽውም። ዘንድሮ አዲስ ጨዋታ አመጣ። አዲስ አበባ የሚሰጠው ትልቁ የፊልም ሽልማት እጩዎቹን በሬዲዮ ሊያሳውቅ ነበርና፣ ለምርጥ ተዋናይት የሚታጩትን አምስት ሴቶች ቀድሞ የገመተ ሰው፣ የክረምቱ ዝናብ እስኪገባ ድረስ ከማራገቢያው ሥር በነጻ ይቀመጣል አለ። የኮኪትን መጋቢት ካልረሳሽው ይህ ከዋንጫው እንደሚበልጥ ይገባሻል። ከዚያ ወዲህ አገሩ ሁሉ የፊልም አዋቂ ሆነ። ሰሊጥ የሚያጭደው ይገምታል፣ ትራክተር የሚነዳው ይገምታል፣ በሕይወቱ አንድ ፊልም እስከ መጨረሻው ነቅቶ ያላየው ጥበቃ ሳይቀር «እሷ ታልፋለች፣ እሷ አታልፍም» ይላል። እኔ ደረበን ገና ከመነሻው ጠርጥሬዋለሁ፤ ከጎንደር ፊልም በሚያስመጣበት ፍላሽ የእጩዎቹም ስም አብሮ ሳይመጣለት አይቀርም ብዬ። እሱም እኔን ይጠረጥረኛል፤ ሬዲዮኑን አየት ባደረግኩ ቁጥር በፎጣ ይሸፍነዋል።

አባየ ስለ ፊልም ያላቸውን አስተያየት ላንቺ መንገር አያስፈልገኝም። «ልጄ የሰው መሳቂያ ስትሆን ቁሜ አላይም» ብለውሽ፣ አንቺም በፊልም ምኞት ከቤት ከወጣሽ ወዲህ፣ ስምሽ ሲነሳ የሚስሏት አንዲት ሳል አለቻቸው። እማየ ያችን ሳል ስትሰማ ወዲያው ወሬ ትቀይራለች።

ታዲያ አንድ የገበያ ቀን እኔን ጎትተው ሊያወጡ ቪዲዮ ቤቱ ገቡ። ጆሮዬን ያዙ። ቀና ብዬ ሳይ ዓይናቸው ቴሌቪዥኑ ላይ ተተክሏል፤ ጆሮዬ በእጃቸው መሆኑን ረስተውታል። ፊልሙ እስኪያልቅ ቆሙ፤ እኔም በአንድ ጆሮዬ ተንጠልጥዬ አብሬ ቆምኩ። ሲያልቅ ለቀቁኝና ወጡ። አባየ ይዘውኝ ሳይመቱኝ ሲቀሩ የመጀመሪያቸው ስለሆነ፣ ነገር እንዳለ ያኔውኑ ጠረጠርኩ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ባሰ። ከሰዓት በኋላ ሲሆን ይጠፋሉ። በሥራ ቀን ነጩን ጋቢ ይለብሳሉ። ፊታቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። እማየ «ማዕረግ፣ ይኸ ሰውዬ በዚህ ዕድሜው ሳሙና ምን ያደርግለታል?» አለችኝ። እኔም አይዞሽ እንደማለት «ፊታቸውን ለማን ሊያሳዩ ይሆን?» ብዬ አባባስኩት። ወዲያው ጥርጣሬዋ ኢኽላስ ላይ አረፈ። አንቺ አታውቂያትም፤ ጦርነቱ ከማዶ ያባረራት ሱዳናዊት ናት። ከቪዲዮ ቤቱ ፊት ለፊት ራኩባ ሠርታ ከጥላው ሥር ሻይ ትሸጣለች። ሻይዋ ዝንጅብል አለበት፤ ምላሷም እንደዚያው።

«ተከተለው፤ ያየኸውን ሳትስቅ ንገረኝ» ብላ እማየ ላከችኝ። መሰለል ለእኔ ሥራ አይደለም፣ ተፈጥሮዬ ነው። ከራኩባው ጀርባ ተደብቄ አየሁ። አባየ ሻይ ጠጡ፣ ግራ ቀኝ ተገላመጡ፣ ከዚያ ወደ ኢኽላስ ጎንበስ ብለው አንሾካሾኩ። እሷም እየሳቀች «ኢንሻላህ፣ ያ ሐጅ፣ ባሉኝ ቀን እጄን አነሳለሁ» አለች፤ ሽማግሌ ሁሉ ለእሷ «ሐጅ» ነው። ምን እንደሆነ አልገባኝም። ለእማየ ግን እንደወረደ አደረስኩላት፤ ትንሽ ጨው ብቻ ጣል አደረግኩበት። «እጇን ነው የምታነሳው? እኔ አወርድላታለሁ!» አለች።

የቀን ሠራተኞቻችን አለቃም አለ፣ አንዱአምላክ የሚባል ጎጃሜ። አባየ ከእሱ ጋር እርሻው ዳር እየቆሙ ይመክራሉ፤ እኔ ስጠጋ ስለ ዝናብ ያወራሉ። በኅዳር ስለ ዝናብ! ይህን ስነግራት እማየ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «በቃ፣ ሽማግሌ ሊልክባት ነው» አለች። እውነቴን ነው የምልሽ፣ መጀመሪያ የሳቅኩባት እኔው ራሴ ሌሊቱን የእንጀራ እናት በዝንጅብል ሻይ ስታሳድገኝ በሕልሜ አየሁ።

እሑድ ደረበ ግምቱን ሊሰበስብ ሕዝቡን ጠራ። ቪዲዮ ቤቱ ሞልቶ በረንዳውም ሞላ። አባየ በነጭ ጋቢያቸው ገቡ። ከኋላቸው አንዱአምላክ፣ ከእሱ ኋላ ሠራተኞቹ በሙሉ፤ ሰሊጡ ታጭዶ ሜዳ ላይ እያለ! ኢኽላስ የሻይ ማንቆርቆሪያዋን ትታ መጣች። ከሁሉ ኋላ እማየ ማማሰያ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ዛሬ ሰው ይጎዳል ብዬ መውጫ ስፈልግ፣ አባየ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሱ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በእድር ስብሰባ ሊቀመንበር በሚመረጥበት ድምፅ፦

«ለምርጥ ተዋናይትነት የምጠቁማት የዓለምወርቅ ገብረማርያምን ነው። የሚደግፍ?»

አንዱአምላክ አባየ ሳይጨርሱ «ደግፌያለሁ!» ብሎ ዘሎ ተነሳ። ከዚያ ያ ሁሉ እጅ ወደ ላይ! ኢኽላስማ ሁለቱንም አነሳች። ለካ አባየ ያ ሁሉ ሰሞን ድጋፍ ሲያሰባስቡ ነበር የከረሙት። የፊልም እጩም እንደ እድራችን ሊቀመንበር ተጠቁሞ፣ ተደግፎ፣ እጅ ተቆጥሮ የሚያልፍ መስሏቸዋል።

ደረበ ላቡን ጠረገ። «አባቴ፣ እጩዎቹን የሚለዩት አዲስ አበባ ያሉ ዳኞች ናቸው። እኛ እነማን ይሆኑ ብለን የምንገምት ነን» አላቸው። አባየም «ሕዝብ እጁን ሳያነሳ ምን እጩ አለ? ቁጠርና ላክላቸው» አሉት። አንዱ ከኋላ «የትኛዋ የዓለምወርቅ ናት? እኛ አይተናት አናውቅም» አለ። ይኸኔ አባየ ደረበን ያንን የገበያ ቀኑን ፊልም እንዲከፍት አዘዙት። እሳቸው ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመው ጠበቁ፣ ጠበቁ፣ «አቁም!» አሉና በትራቸውን መስተዋቱ ላይ አሳረፉ። «ይቺ።»

እታለም፣ ዋናዋ ተዋናይት ስታለቅስ ከኋላዋ ጀሪካን ተሸክማ የምታልፍ ሴት። ያውም ጀርባዋን ሰጥታ። አንድ ሰው አስነጥሶ አፍንጫውን እስኪጠርግ የለችም። እኔ ያንን ፊልም ደጋግሜ አይቼ አንቺን አላየሁሽም፤ አንቺም ፊልም ላይ አለሁ ብለሽ አልጻፍሽልኝም፤ ስለዚህ አንቺንም እጠረጥርሻለሁ። ደረበ «ፊቷ ሳይታይ በምን አወቋት?» ሲላቸው፣ አባየ «ውኃ ስትሸከም ግራ ክንዷን እንዲህ ወጣ ታደርጋለች። ከቦኖው ስትመለስ በየቀኑ ያየሁት ነገር ይጠፋኛል?» አሉ። ከበሩ ላይ እማየ «ከስታለች» አለች። «ጀርባዋን ብቻ አይተሽ?» ቢሏት «ያን ጀርባ ያጠብኩት እኔ ነኝ» አለችና በማማሰያው ሰው እየገፋች ወደ ፊት አለፈች። ሄዳም ከአባየ ጎን ተቀመጠች። ኢኽላስን ግን እስካሁን በጎን ታያታለች።

ማታ ሬዲዮው አምስቱን ጠራ። አንቺ የለሽበትም። ኮኪት በሙሉ ባንድ ድምፅ ተሳሳተች፤ የማራገቢያውም ቦታ ለማንም ሳይሆን ለደረበ ቀረ፤ እዚያ ላይ እጁ አለበት እላለሁ። እኔ አምስት ስም በቃሌ አጥንቼ ገብቼ ነበር፤ ሦስቱ በሬዲዮ ተጠሩ። ግን ያኔ እጄን ላንቺ አንስቼ ስለነበር አፌን ዘጋሁ። አባየ አልተናደዱም፣ አልሳሉምም። «ራቅ ስላልን አልደረሳቸውም» ብለው ተነሱ።

ዛሬ ጠዋት ሰሊጥ ስናራግፍ «ትጽፍላታለህ?» አሉኝ። እጽፋለሁ አልኳቸው። «ፊትሽን ለምን አላዞርሽም በላት። ለገናም ትምጣ» አሉ። «በሩ ክፍት ነው ልበላት?» ብላቸው «መቼ ዘጋሁት?» ብለው ተቆጡ። ዘግተውት እንደነበር እኔም አንቺም እናውቃለን፤ ግን አደራሽን፣ ስትመጪ እንዳትከራከሪያቸው። አንድ ነገር ብቻ እጠረጥራለሁ፦ በመጣሽ ማግስት ሰው ሰብስበው ጀሪካን ሊያሸክሙሽ ነው። እኔ ጀሪካኑን ደብቄዋለሁ፤ አንቺ ተፍ ተፍ እያልሽ ነይ።

እማየ ታይቱ «ብዪ፣ ጠጪ፣ አጥንትሽን አልብሺ» ትልሻለች። ትንሿ እህታችን ውባንች ጉንጭሽን ትስማለች፤ ከስሞሹ ወዲያ ቀይ ጫማ ጠይቃለችና አልሰማሁም በያት። አንዱአምላክ «ብደግፍም አልሆነ» ብሎ ይቅርታ ይላል። ኢኽላስ በሩቁ ሰላም ትልሻለች፤ ይህን ስጽፍ እማየ ከኋላዬ ቆማለች። አባየም ወረቀቱን ላጥፍ ስል «የኔንም ሰላምታ አስገባ» አሉኝ። ምን ብዬ ልጻፍ ብላቸው፣ አሰቡ አሰቡና «አባትሽ ሰላም ይልሻል በላት፤ ሌላውን ስትመጣ» አሉ።

ከባድ ነገር ብዬ ያስደነገጥኩሽ እንግዲህ ይኸው ነው። አገር አልጠፋም፣ ቤት አልፈረሰም፤ ቁም ነገር ተብሎ የሚጻፍም አልነበረም። አንድ ሰውዬ ልጁን ከጀርባዋ አወቃት፤ በቃ።

ወንድምሽ ማዕረግ ገብረማርያም

ኮኪት፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.