ግሥ ያለ ባለቤት አይቆምም፦ የመምህርት እህታችን የሕይወት ታሪክ

ይህን የምጽፈው እኔ ታናሽ ወንድማቸው፣ ልጅ ሳለሁ ከመጋረጃ ወዲያ የሰማሁት ወግ አለ፤ ግማሹን ረስቼዋለሁ። «ይቺ ልጅ የሌባ ጠበቃ ልትሆን ነው» አሉ አባታችን። ከጎረቤት ዶሮ ይሁን ብርጭቆ፣ አንድ ነገር ጠፍቶ፣ እህታችን ለጠፋበት ሳይሆን ላጠፋው ተከራክረው ነበር መሰለኝ። እናታችን ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው፣ «ጠበቃ ብትሆን ግድ የለኝም። ዳኛ ብቻ አትሁን፤ ለዚህ ቤት አንድ ዳኛ ይበቃዋል» አሏቸው። አባታችን የመለሱት ከረሳሁት ግማሽ ውስጥ ነው።

ሟች እህታችን ከሰዓት ሠሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1957 ዓ.ም. ተወለዱ። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት አጠናቀው መምህራን ማሠልጠኛ ገቡ፤ በ1977 ዓ.ም. በቋንቋ መምህርነት ተመርቀው ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ማስተማር ጀመሩ። ከዚያ ትምህርት ቤት አልወጡም። ሊያስወጧቸው የሞከሩ ግን ነበሩ።

በ1981 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ባለቤታቸው ጋር ተጋብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው፣ «እኔ መብራት አስገባለሁ፣ እሷ ሰው ጓዳ ገብታ ታበራለች» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ቀልዱ እውነት ነበረው። እህታችን ልብ ወለድ ሲያስነብቡ በክፍላቸው አንድ ሕግ ነበር፤ በታሪኩ ውስጥ ያጠፋውን ሰው «እሱ ክፉ ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ተማሪው በአጥፊው ቦታ ቆሞ «እኔ» ብሎ ይናገራል፤ ምን ፈልጎ፣ ምን ፈርቶ እንዳደረገው ያስረዳል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሰው ላይ ከመፍረዱ በፊት ሰውን ይወቅ ባይ ነበሩ።

በ1999 ዓ.ም. አንዲት ተማሪ ይህን ቤቷ ስትለማመድ፣ «እኔ ነኝ የሰረቅሁት፤ ርቦኝ ሳይሆን ወንድሜ ሲመሰገን ቀንቼ ነው» ስትል አባቷ ከበር ኋላ ሰማት። ሰውየው ባለ ልኳንዳ ነው። መሳቢያውን ፈተሸ፣ ልጁን መረመረ፤ የጎደለ አጣ። በማግስቱ ነጭ ጋዋኑን ሳያወልቅ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብቶ፣ «ልጄን ፊደል አስቆጥሩልኝ አልኩ እንጂ አናዝዙልኝ አልኩ?» አለ።

እህታችን ተጠርተው መጡ። «ወንድሜ፣ የሰረቀችው ካለ እኔ ልጠየቅ። ያሰበችው ከሆነ ግን፣ እርስዎስ አስበው አያውቁም?» አሉት።

ባለ ልኳንዳው፣ «እኔማ ስንት ዓመት ሚዛን አጠገብ ቆሜ እንዴት አላስብ» ብሎ ወጣ። ወጣ እንጂ ክሱን አላነሣም።

ርዕሰ መምህሩ ትእዛዝ ሰጡ። ፈተናው ስለ ግሥ እንጂ ስለ ሰው ልብ ስለማይጠይቅ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሰዋስው ብቻ ይሰጥ አሉ። እህታችንም «እሺ፣ ግሥ ከተባለ ግሥ» ብለው ወጡ። እሺ ማለታቸው ያስደነቀን እኛን ነው፤ መደነቃችን ግን ብዙም አልቆየም። በማግስቱ ሰሌዳው ላይ የታሪኩን ግሦች ብቻ ጻፉ፦ ሰረቀ፣ ቀና፣ ዋሸ፣ ፈራ፣ ከዳ። «አርቡ» አሉ። ግሥ ሲረባ ደግሞ የሚጀምረው ከአንደኛ መደብ ነው። ሰረቅሁ፣ ቀናሁ፣ ዋሸሁ እያለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ሲያረባ፣ በየግሡ መካከል «መቼ? ለምን?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ቢመጡ፣ «ጌታዬ፣ ግሥ ያለ ባለቤት አይቆምም፤ ባለቤቱን ነው የምናፈላልገው» አሏቸው። የልብ ወለዱም መጽሐፍ ቀስ በቀስ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። በደረጃ እድገት ሲዘለሉ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ መጻሕፍት ቤት ሲዛወሩም፣ የንባብ ክፍለ ጊዜያቸውን ግን አልለቀቁም።

በቀብር ላይ ሟች ትሑት፣ ለሁሉ ታዛዥ ነበሩ ማለት የተለመደ ነው። እህታችን ታዛዥ አልነበሩም። ለእግዚአብሔር ይታዘዙ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ላለው ምክንያቱን ይጠይቁ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ያዛቸው። ሆስፒታል ሳሉ የንባቡ ክፍለ ጊዜ ታጥፎ ለፈተና ልምምድ ሊውል መሆኑን ሰሙ። ያንኑ ርዕሰ መምህር አስጠሩ። ሌላ መምህር እስኪገኝ እርስዎ ራስዎ ይግቡና ያስነብቡ አሏቸው።

«እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ፣ እህቴ» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«ሰው የሚለው ይበቃኛል።»

«እናያለን፣ ብቻ አሁን እረፍት ያድርጉ።»

«‹እናያለን› የብዙ ቁጥር ነው። እኔ የጠየቅሁት እርስዎን ብቻዎን ነው» አሏቸው። ርዕሰ መምህሩ «እግዜር ይማርዎ» ብለው ተሰናበቱ።

እህታችን በተወለዱ በ59 ዓመታቸው፣ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ። ባለቤታቸው፣ ነርሷ ልጃቸው፣ ሾፌሩ ልጃቸው፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውና እኔ ወንድማቸው እናዝናለን። እያስነበቡ ያሳደጓቸው ተማሪዎቻቸውም ይህን ግቢ ሞልተውታል። ሳይፈርድ የሚመረምር፣ መርምሮም የሚምር ጌታ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበል።

ትናንት ርዕሰ መምህሩ ሊያጽናኑን ቤታችን መጥተው ነበር። ብዙ ከተቀመጡ በኋላ ክፍለ ጊዜው እንደማይታጠፍ ነገሩን። ሰኞም ስምንተኛ «ለ» ገብተው ታሪኩን ራሳቸው ሊያስነብቡ፣ «ፈራ» የሚለውንም ግሥ ከአንደኛ መደብ፣ ከ«ፈራሁ» ጀምረው በተማሪዎቹ ፊት ሊያረቡ ተስማምተዋል።