የኮምፔንሳቶው ሐውልት

ለውድ እህቴ ለሰምሰም፣

አባዮ፣ እህቴ፣ እንደምን ከረምሽ? ጤናሽስ? የጅቡቲ ሙቀት በረድ አለላችሁ ወይስ አሁንም ጣራ ላይ ነው የምታድሩት? የሆዮ ጉልበት እንዴት ሆነ? እናታችን ሲያማት እንደማትናገር ስለማውቅ እሷን ሳይሆን አንቺን ነው የምጠይቀው። ባልሽ ሂርሲስ የወደቡ ሥራ ተመቸው? እኛ ድሬዎች በአካል ደኅና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ልቤ ግን ደኅና አይደለም። ይህን ደብዳቤ ጀምሬ የቀደድኩት አንዴ አይደለም። ሁለት መስመር ጽፌ እነሳለሁ፣ ከዚራ ሰፈር ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ፣ እንደገና እቀመጣለሁ። ለሆዮ ከማንበብሽ በፊት እባክሽ ለብቻሽ ጨርሺው።

ነገሩ የመጣው ከሐውልት ነው። አትሳቂ። አምና አዲስ አበባ ላይ የተመረቀውን፣ ትግላችን የሚሉትን፣ በምሥራቁ ጦርነት ለወደቁት የቆመውን ሐውልት ሰምተሽ ይሆናል። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ለአብዮት በዓል የሱን አምሳያ በኮምፔንሳቶ ሠርተን ባቡር ጣቢያው ፊት እናቁም አለና እኔን አስጠራኝ። የሱቅ ታፔላና የጭነት መኪና በር ከሚቀባ ሰው ምን ሐውልት ይጠበቃል ብዬ ላመልጥ ሞከርኩ። እምቢ ማለትህ ነው ወይ አለኝ። እምቢ የሚባልበት ዘመን እንዳልሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ቀለሜን ይዤ ሄድኩ።

የሰጡኝ አንድ ፖስት ካርድ ነው። ካድሬው አጠገቤ ቆሞ ትርጉሙን አስጠናኝ። ረጅሙ ዓምድ የትግሉ ከፍታ ነው፣ ጫፉ ላይ ያለው ቀይ ኮከብ ሠርቶ አደሩ ነው፣ በግራና በቀኝ ግንቡ ላይ የተቀረጸው ሕዝብ ከድሮው ሥርዓት ወደ ድል የሚጓዘው ነው፣ ከፊት የቆሙት ተዋጊዎች ደግሞ የተሰዉት ናቸው፣ ሞተው የማይሞቱት አለኝ። ኮከቡን ትንሽ አሳንሼ ብስለው ሠርቶ አደሩን አሳነስከው ብሎ አስደመሰሰኝ። አቦ፣ እንዲህ ያለ ሥራ ለጠላቴም አይስጠው።

መዘዙ የመጣው ከፊታቸው ነው። ፖስት ካርዱ ላይ ተዋጊዎቹ የጥፍር ያህል ስለሆኑ መልካቸው አይለይም። ለአንዱ ሲኒማ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከምስለው የህንድ አክተር ወሰድኩለት። ለሌላው የጎረቤታችንን የዳቦ ጋጋሪውን ፊት ሰጠሁት። ለሦስተኛው፣ ባንዲራውን ለያዘው፣ እጄ ራሱ ሄደ። ግንባሩን ሰፋ አደረግሁ፣ ከማንጎ ዛፍ ወድቆ የተሰነጠቀችውን ቅንድብ ሳልኩ፣ ጨርሼ ራቅ ብዬ ሳይ ወንድማችን ሰማታር ቆሟል። ወላሂ ቁርጥ እሱ። ማጥፋት ነበረብኝ። ብሩሹን ነክሬ አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ሁርሶ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ወደ ጅጅጋ ከተጫነ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ድምፁ የለ፣ ወሬው የለ። ይህን ያህል ጊዜ ያላየሁትን ፊት በገዛ እጄ እንዴት ላጥፋው? ማን ያውቀዋል ብዬ ተውኩት።

ሚስቱን ረሳኋት። ፋርቱን በየጠዋቱ ከቤታችን ሸቀጧን ይዛ ወደ ታይዋን ገበያ የምታልፈው በዚያው ነው። በበዓሉ ጠዋት ካድሬው በማይክራፎን እነዚህ የተሰዉት ጀግኖቻችን ናቸው ሲል ባሏን ፊት ለፊት አየችው። ከበዓሉ ቀደም ብሎ ከናንተ የሰላምታ መልእክት እንደደረሰኝ ታውቅ ነበርና፣ በውስጡ መርዶ መጥቶለት በአፉ ሊነግረኝ ቢጨንቀው በሥዕል ነገረኝ ብላ አሰበች። ቤት ገብታ የሐዘን ነጭ ለበሰች፣ ለሞተ ባል የሚቀመጡትን የአራት ወር ከአስር ቀን ዒዳ ተቀመጠች።

ከሰልፉ ስመለስ በራችን ላይ የሴት ጫማ ሞልቷል። ልጄን ሳሕራን አንድ ነገር አገኛት ብዬ ሮጥኩ። ባለቤቴ ናፊሳ በር ላይ ይዛኝ፣ ለኔ እንኳ እንዴት አትነግረኝም ብላ አለቀሰች። ሽማግሌዎቹ ተነስተው ለወንድምህ አላህ ይዘንለት አሉኝ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን አሚን አልኩ።

ሲብስብኝ ፋርቱን ዘንድ ገብቼ እውነቱን ነገርኳት። ከማንም ምንም አልሰማሁም፣ እጄ ነው ያሳሳተኝ፣ ይቅር በይኝና ነጩን አውልቂ አልኳት። ቀና ብላ አይታኝ፣ እንግዲያው አልሞተም በለኝ፣ አሁኑኑ አወልቃለሁ አለችኝ። ምን ልበላት አባዮ? አለ ማለት አቃተኝ። ሞቷል ማለትም አቃተኝ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሆዮ ወደናንተ ከመሄዷ በፊት፣ ሬሳውን ሳላይ የለቅሶ ተዕዚያ አልቀበልም፣ ልጄን በቁሙ የሚቀብርብኝ ጠላቴ ነው ያለችውን አልረሳሁም። እንደምትቆጣ አውቃለሁ። ፋርቱን ሌላ ባል አይታ ነው ትልም ይሆናል፣ እንዲያ እንዳታስብባት። ማንም የለም። ፋርቱን ይሄን ሁሉ ዓመት ሠርግ ቤት ገብታ ሂና አልተቀባችም፣ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ቀድማ የምትነሳው እሷ ነበረች። አሁን ሲንኳኳ አትነሳም። ጠግባ ትበላለች፣ ትተኛለች። እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ።

ሥዕሉ አሁንም እዚያው ነው። ሊቀመንበሩ ስለወደደው አይነሳም ብሏል፣ እኔም በዚያ ማለፍ ትቼ በዙሪያ እሄዳለሁ። ጠባይዋን አንቺ ታውቂዋለሽና ሆዮ ደስ ባላት ሰዓት አንብቢላትና ቃሏን ላኪልኝ። ወይ ተዕዚያውን ትቀበል፣ ወይ ፋርቱን ከዒዳው ትነሳ ትበል። ከኔ አፍ ሁለቱም አይወጣም። ደብዳቤውን የምታደርስልሽ በባቡር የምትመላለሰው ሐሊሞ ናት፣ መልሱን በሷው ስደጂልኝ፣ አታዘግዪው።

ሂርሲን እጅ ነስቶሃል በዪልኝ። ቱሪያን ጉንጯን ሳሚልኝ፣ ዲሪዬ ትምህርቱን ትቶ ወደብ ለወደብ እንዳይዞር አጎትህ ሰምቷል በዪው። ናፊሳና ሳሕራ ሁላችሁንም ናፍቀዋል። የሆዮን ጉልበት በኔ ስም ሳሚ። ፋርቱንም ሰላም ብላለች። ለሆዮ ምን ልጻፍልሽ ብላት ይህን ብቻ አለችኝ፦ ሆዮ፣ የሰማታር ሚስት መሆኔ ሲቀር ያንቺ ልጅ መሆኔም ይቀራል ወይ?

ወንድምሽ አብዲቃድር

ድሬዳዋ፣ መስከረም 14 ቀን 1978 ዓ.ም.